«ለእኛ ስትይ ተዪው!»

አገር የሚያውቀው ነው። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ነገሩ ይነሳል ይጣላል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ተበዳይዋ ያዞራሉ፦ «በቃ፣ ለእኛ ስትይ ተዪው!» እሷም አንገቷን ደፍታ እሺ ትላለች። ይህ ዕርቅ ይባላል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ አስታራቂው ያቀረበው ሐሳብ ባለጉዳዮቹን የሚያስረው ወደው በጽሑፍ ሲቀበሉት ነው ይል ነበር። በ2013 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1237 ለግልግልና ለዕርቅ ሥርዓት አበጀ፤ ቁጥር 1234 ደግሞ ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አስገባ።

ሆኖም «ማስማማት ሙያ ነው» ሲባል የሚስቁ አሉ። «አባቶቻችን ያለ ሠርተፍኬት አስታርቀው የለም ወይ?» ይላሉ። አስታርቀዋል፤ ደም አድርቀዋል፤ ማንም አይክድም። ግን ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት መንደር የሠራው ዘዴ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በማይተዋወቅበት ኮንዶሚኒየም ወይም በአሠሪና በቤት ሠራተኛ መካከል እንዲሁ አይሠራም። ሽበት ያስከብራል፤ ገለልተኛ ግን አያደርግም።

ሙያ ሲባል አስማሚው የአንዱ ወገን ዘመድ ከሆነ ከጉዳዩ እንዲነሳ፣ የሰማውን ምስጢር እንዳያወጣ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ «አልስማማም ብለሽ መሄድ ትችያለሽ» ብሎ እንዲጀምር የሚያስገድድ ሥነ ምግባር ነው። ይህችን አንዲት ቃል ለመናገር የሚፈራ ሽማግሌ እየፈረደ ነው፤ ያውም ይግባኝ በሌለው ችሎት።

ፍርድ ቤቶችም የመዝገብ ቁጥር ቀነሰ ብለው አይኩሩ። የተዘጋው መዝገቡ ብቻ ከሆነ፣ ጠቡ ነገ በሌላ ስም ይከፈታል።