ሐረርን ፈረንጅ ሲጽፋት እኛ የት ነበርን?

እ.ኤ.አ. በ2019 «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» የተባለው ፊልም ብቅ ሲል ፌስቡኩም ትዊተሩም ተቀጣጠለ። የሐረርን ታሪክ ለነጭ ተዋናይት፣ ለዳኮታ ፋኒንግ ሰጡብን ተብሎ ያልወረደ የስድብ ናዳ የለም። ኧረ ለመሆኑ ከጮኸው ሰው ውስጥ ፊልሙ የተቀዳበትን መጽሐፍ ገልጦ ያየው ስንቱ ይሆን?

መጽሐፉ የካናዳዊቷ የካሚላ ጊብ ልቦለድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። ባለታሪኳ ሊሊ ድሮውንም ነጭ ናት። ወላጆቿ ሞሮኮ ውስጥ ሞተውባት በሱፊ ሼክ እጅ ያደገች፣ ቁርኣን የቀራች ሙስሊም ፈረንጅ። በአፄው ዘመን ማብቂያ ሐረር ትመጣለች፣ የድሃ ልጆች ታስቀራለች፣ አዚዝ ከሚባል ሐኪም ፍቅር ይይዛታል። ነጭ ተብላ የተጻፈችን ሴት ነጭ ብትሠራት ምኑ ላይ ነው ወንጀሉ? መናደድ ካማራችሁ የሚያናድደው ሌላ ነበር። የሐረሩን አዚዝ ሆኖ የሠራው አሜሪካዊው ያህያ አብዱልማቲን ነው። ኢትዮጵያዊቷን ስደተኛ አሚናን የሠራችው ናይጄሪያ ተወልዳ እንግሊዝ ያደገችው ዉንሚ ሞሳኩ ናት። ዳይሬክተሩ ደግሞ የኛው ሰው፣ «ድፍረት»ን የሠራው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ! ፊልም በብር ነው የሚሠራው፣ ብሩም የታወቀ ፊት ይፈልጋል፤ ይገባኛል። ግን ጩኸቱ ሁሉ በሊሊ ላይ ማለቁ ነው የገረመኝ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጊብ ሥራዋን ሠርታለች። ለኦክስፎርድ የዶክትሬት ጥናቷ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጥታ ከሐረሪ ቤተሰብ ጋር ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1855 10 ቀን ብቻ ተቀምጦ መጽሐፍ ካሳተመብን ከእንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ጋር አትወዳደርም። የአውሊያዎቹን ደጅ፣ ዚክሪውን፣ ቡናውንና ጫቱን ታውቀዋለች። የማይጥመኝም አለ። ፈረንጇ ቁርኣኑን ለሐረር ልጆች የምታስተምርበት፣ የኛዎቹ ሴቶች ግን ግርዛትና ድህነት ለማሳየት የቆሙ የሚመስሉበት ቦታ ሞልቷል። ታዲያ ይኼን ማቃናት የነበረበት ማን ነው? እሷ?

የአማርኛ ልቦለድ ፍቅርንና ሃይማኖታዊ ምሥጢርን ማዋሃድ አይችልም እንዳይባል፣ ይችላል። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. በ«ዴርቶጋዳ» የጣና ገዳማትን ምሥጢር ከፍቅርና ከስለላ ጋር ገምዶ ሲመጣ አንባቢው ተሻምቶበታል። ሥዕል ልቡን ያሸፈተውን ሰው ደግሞ በዓሉ ግርማ ገና ድሮ በ«ከአድማስ ባሻገር» አሳይቶናል። ገዳም ሲገባ እንዲህ የሚቀናው ብዕር ጀጎል በር ላይ ሲደርስ ለምን ይነጥፋል? የአውሊያዎቹን ከተማ ከውስጥ ሆኖ የመረመረ ወፍራም የአማርኛ ልቦለድ አለ የምትሉ አምጡና አሳፍሩኝ!

ወሬ ጠፍቶ እንዳይባል ደጃችን ላይ ተዘርግቷል። ይኼን የምጽፈው አቦከር ሆኜ ነው። ከሌሎቹ ወረዳዎች ሁለቱ አባድርና አሚር ኑር ይባላሉ፤ አንዱ የወሊይ፣ ሌላው ጀጎልን ያጠረው አሚር ስም። መታወቂያችን ላይ ታሪክ ተሸክመን እንዞራለን። እስቲ አስቡት፤ አንድ መጽሐፍ ደጓሽ ልጅ የድሮ ቁርኣን ሲጠግን ከቆዳው ሥር የተደበቀ ወረቀት ያገኛል። የሚወዳት ልጅ ስፌት ሰፊ ናት፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሐረግ እናቷ ግድግዳ ላይ ከሰቀሉት ስፌት ጥለት ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ሼኩ ያውቃሉ፣ ግን ትንፍሽ አይሉም። ይኸው ፍቅሩ፣ ጥበቡ፣ ምሥጢሩ!

ችግሩ ደራሲያችን ቤቱ ሲገባ መደቡ፣ ነደባው፣ ለምን ቀይ እንደተቀባ ይጠይቃል። የጨለንቆ ደም ነው ይሉታል፤ የ1879 ዓ.ም.ን ጦርነት። እዚህ ላይ ነው እጅ የሚንቀጠቀጠው። ምኒልክን ነካህ ባይ በአንድ ወገን፣ የሐረርን ቁስል በአማርኛ ለምን ጻፍክ ባይ በሌላ ወገን ቆሞ ይጠብቀዋል። በዓሉ ግርማስ ቢሆን በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳትሞ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አይደል የቀረው? ካናዳዊቷ ግን አዚዝ በደርግ ዘመን እንዴት እንደጠፋ፣ ለንደን የተሰደዱት የጠፋ ዘመድ ስም ሲለቅሙ እንደሚውሉ ዘና ብላ ጻፈች። ማን ይነካታል?

ሹሞቻችንማ ከበሮ ላይ ናቸው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ተመታ፤ ሹዋሊድ በ2016 ሲመዘገብ እንደገና ተመታ። 82 መስጊድ፣ 102 የአውሊያ ስፍራ ብሎ መቁጠር ማን ብሏቸው! ጥንታዊ መጻሕፍቱን ከየቤቱ ለቅመው ያዳኑት፣ የድጉሱን ጥበብም ያስነሡት ግን በገዛ ጥረታቸው የጀመሩት አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ናቸው። ቱሪስቱ ደግሞ «የራምቦ ቤት» ይወሰዳል፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔ እ.ኤ.አ. በ1891 ከሞተ በኋላ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ቤት! ላልኖረበት ፈረንጅ ቤት የሰየመ ከተማ በቁሙ ላለ ያገር ልጅ ደራሲ አንድ ጠረጴዛ ይነሳዋል? እስቲ ለመጪው ሹዋሊድ ከሚታተመው ቲሸርት ላይ የጥቂቱን ዋጋ ቀንሱና ለአንድ ልቦለድ ማሳተሚያ ወረቀት ግዙበት።