ቅብብል ወይስ ጉልበት? የመናኸሪያ ክርክርና የዋልያዎቹ አጨዋወት

ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ውስጥ ስለ ብሔራዊ ቡድን ክርክር ለማስነሳት ብዙ ድካም አይጠይቅም። ቡና በሚጠጣበት ደጃፍ የአዳነ ግርማን ወይም የሽመልስ በቀለን ስም መጥራት ይበቃል። ሁለቱም የሐዋሳ ልጆች ናቸው። ከሐዋሳ ከነማ ተነስተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ገብተዋል፤ ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱም አብረው ነበሩ። ስማቸው ከተነሳ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል። አንዱ ወገን የእኛ ኳስ በመሬት መቀባበል ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ቅብብሉ ምን አመጣ፣ የጎደለን ጉልበትና ቁመት ነው ብሎ ይመልሳል።

ሁለቱም ማስረጃ አያጡም። ችግሩ ማስረጃው ቀረብ ተብሎ ሲታይ ለሁለቱም የማይመች መሆኑ ነው።

የቅብብሉ ወገን ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን አዲስ አበባ ላይ በይድነቃቸው ተሰማ የሚመራው ቡድን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን አነሳ። ግርማ ተክሌ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጎሎቹን አስቆጠሩ። አምበሉ ሉቻኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ታሪኩ ሲወራ ግን አንድ ነገር ይዘለላል። ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ነበር። ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጊዜ አቻ ሆና 90 ደቂቃው 2 ለ 2 አለቀ፤ ጨዋታው የተሸነፈው፣ ማለትም ግብፅ እጅ የሰጠችው፣ በተጨማሪው ሰዓት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ 120 ደቂቃ መሮጥ ደግሞ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እነዚያ የምናደንቃቸው ልጆች ኳስ አዋቂዎች ብቻ ሳይሆኑ እግርና ሳንባም ነበራቸው። በውድድሩ የተካፈሉት አራት አገሮች ብቻ መሆናቸውም እውነት ነው፤ ቢሆንም የወደቀችው ግብፅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ናት።

ከ1974ቱ የሊቢያ ውድድር በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ነው፤ የሴካፋ ዋንጫዎች መጡ እንጂ የአፍሪካ ዋንጫ በር አልተከፈተም። በሩን የከፈተው የሰውነት ቢሻው ቡድን ነው። ሱዳን ሜዳ ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ ተመለሰ፤ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈና ከሜዳው ውጪ ባስቆጠራቸው ጎሎች አለፈ።

ክርክሩ የሚሞቀው ከዚህ በኋላ ነው። ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ጥር 13 ዋለ፤ ዋንጫው ከተነሳ ልክ በ51ኛ ዓመቱ። ተጋጣሚዋ ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ሳላዲን ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ዛምቢያ ቀድማ አስቆጠረች። በ10 ሰው የቀረው ቡድን ኳሱን እየተቀባበለ ቆይቶ አዳነ ከዕረፍት መልስ አቻ አደረገው። የዚያን ቀን ቅብብል ያስቃል ያለ ሰው አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 ስታሸንፍ ግን ሁሉም ጉልበት አነሰን አለ። እስቲ ይታሰብ። ቡርኪናፋሶ ግብ ጠባቂዋ በቀይ ካርድ ወጥቶ 10 ሰው ነበረች፤ ከአራቱ ጎሎች ሦስቱን ያገባችውም ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሰው ያነሰው ቡድን ሦስት ጎል ያስቆጠረው በትከሻ ገፍቶ አይደለም። ዋልያዎቹ ተጠቅልለው ወደ ፊት ሄዱ፣ ኳስ ተቀሙ፣ ከኋላቸው የቀረው ሜዳ ባዶ ነበር። የናይጄሪያውም እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ቆይቶ በቪክተር ሞሰስ ሁለት ፍፁም ቅጣት ምቶች ነው 2 ለ 0 ያለቀው። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ናይጄሪያን ቀድሞ ቢያስቆጥርባትም ኢማኑኤል ኤሜኒኬ ሁለት አገባ፤ ሁለተኛዋ በመጨረሻው ሰዓት የተሰጠች ፍፁም ቅጣት ምት ናት። እነዚህ ሁሉ ኳስ ሲጠፋ ማን የት ይቆማል የሚለውን ያላጠናና በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ራሱን የማይገዛ ቡድን ሽንፈቶች ናቸው። ይሄ ደግሞ የቁመት ጉዳይ አይደለም፤ አብሮ በመቆየት የሚመጣ ነው።

አብሮ መቆየቱ ነው እንግዲህ ያልተገኘው። የሰውነት ቡድን አብዛኞቹ ተጫዋቾቹ ከቅዱስ ጊዮርጊስና ከደደቢት የመጡ ስለነበሩ በየሳምንቱ ይተያያሉ። እሱ በ2006 ዓ.ም. ከተሰናበተ በኋላ እስከ 2010 ዓ.ም. ማሪያኖ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለና አብርሃም መብራቱ ተፈራረቁ። በአራት ዓመት ገደማ አምስት ሰው! አንዱ ያስጀመረውን ሌላው እስኪረዳው ድረስ ሦስተኛው ይመጣል።

ሐዋሳም የድርሻዋን አይታለች። ጳጉሜ 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ዋልያዎቹ እዚሁ ሴራሊዮንን 1 ለ 0 አሸነፉ፤ ብዙም ሳይቆይ ሴራሊዮን በፊፋ ታግዳ ከማጣሪያው ወጣችና ድሉ ከመዝገብ ተሰረዘ። ከተማዋ የደገሰችው ድል በወረቀት የለም።

ቅብብሉን በግልጽ የራሱ መንገድ ያደረገው ውበቱ አባተ ነበር። ጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ቡድኑ በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0 ሲሸነፍ ያሬድ ባየህ ገና በጠዋቱ በቀይ ካርድ ወጥቶበታል። በካሜሩን ላይ ዳዋ ሆቴሳ ቀድሞ ቢያስቆጥርም 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ ከቡርኪናፋሶ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። ያው የድሮው በሽታ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግን ዋልያዎቹ ያለ ሞሐመድ ሳላህ የመጣችውን ግብፅ 2 ለ 0 ሲረቱ፣ እየተቀባበሉም ከኋላቸው ቦታ አልተውም። በዚያ ማጣሪያ አላለፉም፣ ውበቱም በቀጣዩ ዓመት ተሰናበተ።

ያ የግብፅ ጨዋታ የኢትዮጵያ "የሜዳዋ" ጨዋታ ነበር። የተደረገው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው፤ በአገር ውስጥ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አልነበረም። የመጀመሪያዋን ጎል ዳዋ ሆቴሳ አገባ። ሁለተኛዋን ያገባው ሽመልስ በቀለ ነው። የመናኸሪያ ሰው የልጁን ጎል ያየው በቴሌቪዥን ነው።