ክርስቲያንና የጤና መድን



በዚህ እትም የምንነጋገረው በቤት ለቤት ኅብረቶቻችን ደጋግሞ ስለሚነሣ ጥያቄ ነው። «አማኝ ለጤና መድን መክፈሉ እግዚአብሔርን አለመታመን አይደለምን?» በዚህ ጉዳይ ባልና ሚስት እንኳ የማይስማሙበት ቤት አለ። እሷ «ልጆች አሉን፣ እንመዝገብ» ትላለች፤ እሱ «ፈዋሼ ጌታ ነው፣ ላልመጣ በሽታ ገንዘብ አላወጣም» ይላል። በሌላው ቤት ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ነው።

አስቀድመን ነገሩን እንወቅ። በአገራችን የታሰበው የጤና መድን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው ማኅበራዊ የጤና መድን ሲሆን ለደመወዝተኞችና ለጡረተኞች የታሰበ ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ ታቅዶ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሠራተኞች ቅሬታ ስላሰሙ አፈጻጸሙ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ሁለተኛው በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ይህ ለገበሬው፣ ለጉሊት ነጋዴዋና ለቀን ሠራተኛው የታሰበ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፤ ሲታመም ውል በተገባበት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ይታከማል። መክፈል ለማይችሉት ድሆች ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል።

መድንን የሚቃወሙ ወገኖች ቃሉን ይዘው ስለሚናገሩ ልንንቃቸው አይገባም። ንጉሥ አሳ በታመመ ጊዜ እግዚአብሔርን ትቶ ባለ መድኃኒቶችን መፈለጉን ይጠቅሳሉ (2ዜና 16፥12)። ነገር ግን አሳ የተወቀሰው ጌታን በመተዉ ነው። ሉቃስ ሐኪም ነበር (ቆላ 4፥14)፤ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም መክሮታል (1ጢሞ 5፥23)። ዮሴፍ ደግሞ የእግዚአብሔርን ቃል ስላመነ በጥጋቡ ዘመን ከምርቱ አምስተኛውን እጅ እንዲሰበሰብ አደረገ (ዘፍ 41፥34)። ዮሴፍን እንዲያዘጋጅ ያደረገው እምነቱ ነው።

ደግሞስ ወገኖቼ፣ ሁላችንም እድርተኞች አይደለንምን? ለቀብር አስቀድሞ ማዋጣት እምነት ማጣት ካልሆነ፣ በሕይወት ላለ ሰው መታከሚያ ማዋጣት እንዴት እምነት ማጣት ይሆናል? በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉንያ ድሬዳዋን ሲመቱ ትንኟ አማኝና የማያምን ብላ አልለየችም። ባልታመምንበት ዓመት የከፈልነው መዋጮም ባክኖ አይቀርም፤ በዚያ ዓመት የታመመው ጎረቤታችን ታክሞበታል። አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም የታዘዝነው (ገላ 6፥2) እንዲህ ላለው ነገርም ጭምር ነው።

የእኛ አዋጅ በወጣበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ በአሜሪካም «ኦባማኬር» የተባለው የጤና መድን ሕግ ወጥቶ ነበር። እዚያ ያሉ ክርስቲያኖችም ተከፋፈሉ። አንዳንዶቹ ድሃው የሚታከምበት ሕግ ነው ብለው ደገፉት፤ ሌሎቹ መንግሥት ሰውን መድን ግዛ ብሎ ሊያስገድድ አይገባም አሉ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2012 በ5 ለ4 ድምፅ የሕጉ ዋና ክፍል ጸና። በ2014 ደግሞ ሆቢ ሎቢ የተባለው ድርጅት ባለቤቶች፣ ወንጌላውያን ቤተሰብ ናቸው፣ ፅንስን ያስወርዳሉ ብለው ለሚያምኑባቸው የወሊድ መቆጣጠሪያዎች በሠራተኞቻቸው መድን በኩል እንዳይከፍሉ ተሟገቱ፤ በተመሳሳይ የ5 ለ4 ድምፅም ረቱ።

«ክርስቲያን እንዴት ፍርድ ቤት ይሄዳል?» ትሉ ይሆናል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 የገሠጸው ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ዳኞች ፊት ስለ ከሰሰበት ነገር ነው። እርሱ ራሱ ግን መብቱ ሲነካ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ 25፥11)። በእኛ አገር የሕገ መንግሥት ክርክር የሚወሰነው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ሕሊናውን የሚነካ ሕግ የገጠመው አማኝ በሕጋዊው መንገድ ማመልከቱ ኃጢአት አይደለም። በመንግሥት ፊት የሚሟገት አማኝ ግን በተቃራኒው ወገን ያለውን ወንድሙን ከሃዲ ሊል አይገባውም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ውድ ባሎች፣ «በእምነት እጠብቃለሁ» ማለት ስለ ራሳችሁ ሲሆን አንድ ነገር ነው። ሕፃኑ በትኩሳት ሲቃጠል ለካርድና ለመድኃኒት ገንዘብ ከሌለ ግን የእምነታችሁን ዋጋ የሚከፍለው ልጁ ነው። ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሃይማኖትን ክዷል ይላልና (1ጢሞ 5፥8) ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሕሊናችሁ መድን አልገባም ካላችሁ፣ ቢያንስ የመዋጮውን ያህል ለሕክምና ለይታችሁ አስቀምጡ። ውድ እኅቶች፣ እናንተም ባላችሁን ደብቃችሁ አትመዝገቡ። ሕመም በመጣ ቀን መታወቂያው ከመሳቢያ ሲወጣ ሕክምናው ይገኛል፤ በመካከላችሁ የነበረው መተማመን ግን ይጎዳል። አብራችሁ ጸልዩ፣ አብራችሁ አስሉ፣ አብራችሁ ወስኑ።

ሽማግሌዎችም መድን መግባትን ወይም አለመግባትን የእምነት መለኪያ እንዳታደርጉት እለምናለሁ። ይልቁንስ በድሃ ተመዝግባ ነጻ ያልሆነች፣ ከፍላም ለመግባት አቅም ያነሳት መበለት በመካከላችን አለችን? የእርሷን የዓመት መዋጮ አንድ የቤት ለቤት ኅብረት ቢከፍልላት፣ የሚደግፈውም የሚቃወመውም በአንድነት የክርስቶስን ሕግ ፈጸሙ ማለት ነው።

ለባልና ሚስት የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ዛሬ ሌሊት ከመካከላችን አንዱ ቢታመም በምን እንታከማለን?
2. ስለ መድን ያለን አቋም ከቃሉ ነው ወይስ ከሰው የሰማነው?
3. በሰፈራችን ለማን መክፈል እንችላለን?

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። አሜን።