የእድሩ መዝገብ የማያውቃት ልጅ

ጅማ ቦሳ አዲስ፣ እንደ ሌላው ሰፈር ሁሉ፣ ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ጎህ ሳይቀድ ይሰማል። ድንኳኑ ይተከላል፣ ጸሐፊው መዝገቡን ይገልጣል። አባሉ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ወላጆቹ ሁሉም ሰፍረዋል። «አስተምርልሻለሁ» ተብሎ ከእናቷ እቅፍ የመጣችው፣ ከሰል የምታያይዘውና ጀበና የምትጥደው የአሥር ዓመት ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለችበትም። ብትሞት እንጂ ብትደበደብ የሚጠይቅ አይኖርም፤ ብትሞትም ስሟ ያጠራጥራል።

ልጆችን ከጥቃት የሚጠብቁ ማኅበራት መነሻ ሲፈለግ ሰነዶቹ ሩቅ ይወስዱናል። በ1986 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ፣ ኤኑጉ ላይ የመከሩ ባለሙያዎች አንፕካን የተባለውን አፍሪካዊ አውታር ጀመሩ፤ የኢትዮጵያ ቅርንጫፉ በ1990 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። አገራችን የልጆችን መብት ስምምነት በ1984 ዓ.ም. አጸደቀች፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 36ን ለልጆች ሰጠ። ውለታቸው አይካድም። ነገር ግን ሁሉም ከላይ የወረደ ነው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በልጆች መብት ላይ እንዳይሠራ ሲከለክል፣ እርዳታ ለሚጠብቀው ሁሉ በሩ ተዘጋ። የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. አዋጁ ሲሻር ነው። በእነዚያ ዓመታት ለጋሽ ሳያስፈልገው በየወሩ መዋጮውን የሰበሰበ አንድ ድርጅት ነበር፤ እድር። ስለዚህ እውነተኛው መነሻ እዚያ ነው እላለሁ።

እድርን ግን አላሞግሰውም። ጠላቱ «ገመና» የምትባለው ቃል ናት። የሰው ቤት ገመና አይነካም ይባላል፤ የደፋሪውም የተበዳይዋም ቤተሰብ በአንድ ድንኳን ስለሚቀመጡ ነገሩ በሽምግልና ይያዛል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ልጅቷ ትረሳለች። አንዳንዴ አጥፊው ራሱ ዳኛ ነው። ሕጉም ቢሆን ቀዳዳ አለው፤ የ1997ቱ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን ማሰቃየት ይቀጣል፣ ለተገቢ አስተዳደግ ሲባል የሚወሰድን ሕግ የማይጻረር እርምጃ ግን ይተወዋል። «ተገቢ» የቱ ነው? ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ጎረቤት ካልሰማ ማን ይሰማል?

ለልጅ ምስክር መሆንን የምንማረው ከውጭ አይደለም። የቤተሰብ ሕጋችን ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል የወሰደው ከኦሮሞ ነው፤ ጅማም የኦሮሞ አገር ናት። በጉዲፈቻ የገባ ልጅ በሰው ፊት፣ በምስክር ይገባል፤ ሰፈሩ ልጅነቱን ያውቅለታል። የቤት ሠራተኛ የሆነችው ልጅ ግን ከአውቶቡስ ወርዳ ማንም ሳያያት በጓሮ ትገባለች። ልዩነቱ ምስክር ነው።

የቦሳ አዲስ እድር ጸሐፊዎች ሆይ፣ መዝገባችሁ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ በቤቱ የሚኖር ልጅ ሁሉ ስም፣ የመጣበት አገር፣ የሚማርበት ትምህርት ቤት። መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይም አንድ መስመር፦ የልጅ መደፈር በሽምግልና አይታይም፣ ፖሊስ ይጠራል።