የቆዳ ተመራማሪዎች ጉባኤ ደብረ ማርቆስ ላይ ቢሰናዳ

ለቆዳ በሽታ ተመራማሪዎች የሚዘጋጅ ዓመታዊ ሳይንሳዊ ጉባኤ፣ ማለትም በየሆስፒታሉና በየወረዳው የተሠራ ጥናት በባልደረቦች ፊት ቀርቦ የሚመረመርበትና የሚተችበት ስብሰባ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ቢሰናዳ እንዴት መታቀድ እንዳለበት ጸሐፊውና አንድ ወዳጁ ያደረጉት ጨዋታ የተጀመረው በወዳጁ ጥርጣሬ ነው።

«ወንድም ዓለም፣ አዲስ አበባ ላይ አየር ማረፊያው አለ፣ አለርት አለ፣ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት እዚያው ግቢ ውስጥ አለ፤ ታዲያ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ መንቆረር ድረስ መምጣት ምን የሚሉት ነው?» አለ ወዳጁ፣ ከተማዋን ሆን ብሎ በጥንት ስሟ እየጠራ።

ጸሐፊው ለተጠቀሱት ተቋማት ያለውን አክብሮት አልሸሸገም። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከምና ባለሙያ ለማሠልጠን መቋቋሙን፣ ኢንስቲትዩቱም በ1970 ተከትሎ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ባገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም መሰየሙን አስታውሶ፣ የኢትዮጵያ የቆዳ ሕክምና ታሪክ ያለ እነርሱ ሊጻፍ እንደማይችል ተናገረ። ይሁን እንጂ ደብረ ማርቆስ ያለችበት የጎጃም ደጋ የራሱ ጉዳይ ያለው አገር ነው። በሕዝብ ዘንድ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ከአንድ በላይ መንስኤ ያለው ሲሆን፣ አንደኛው በቆላ አካባቢ በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ ጥገኛ ትል ነው፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ሌላው ግን ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ ትልም ትንኝም የሌለበት፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባዶ እግሩን የሚሄድን ሰው ለረጅም ዘመን ሲነካው የሚመጣ ነው። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳ አልፈው ይገቡና፣ ከሰውነት ሕዋሳት መካከል ፈሳሽ ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች እያስቆጡ ያጠቧቸዋል፤ ፈሳሹም መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል፣ ቆዳውም እየወፈረ ይሻክራል። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ነዋሪዎች 3.3 በመቶው የዚህ በሽታ ሕሙማን መሆናቸውን አሳይቷል። በ2013 በአገር ደረጃ የተካሄደው የካርታ ሥራ ደግሞ የሕሙማኑን አዋቂዎች ብዛት ወደ 1.5 ሚሊዮን ገምቶታል።

ወዳጁ አልረካም። «በሽታው ከባዶ እግር የመጣ ከሆነ መድኃኒቱ ጫማ ነው፤ ጫማ ለማድረግ ደግሞ ምን ጉባኤ ያስፈልጋል?»

ጸሐፊው ረዘም ያለ መልስ የሰጠው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ጫማ ጤነኛውን እግር ይጠብቃል እንጂ ያበጠውን ብቻውን አያድንም። የታመመ ሰው እግሩን በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳውን ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ እንደሚጠቅመው ለብዙ ዓመታት ሲነገር ቢቆይም፣ ምን ያህል እንደሚጠቅመው ለጤና ቢሮ በቁጥር ማሳየት የተቻለው ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው የአነደድ ወረዳ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት ሙከራ ከተደረገ በኋላ ነው። ተሳታፊዎቹ በዕጣ ተለይተው 350ዎቹ እንክብካቤውን ወዲያው እንዲያገኙ፣ 346ቱ ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲጀምሩ ተደረገ። የዕጣው ጥቅም መራጩ ደኅና የሚመስለውን ሰው ወደ ሕክምናው፣ የባሰበትን ወደ ሌላው ወገን እንዳይመድብ መከልከሉ ነው። የሚለካውም ትኩሳትና ሕመም አስከትሎ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለው ድንገተኛ የቆዳና የሊምፍ ብግነት በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት በመጀመሪያው ወገን በአንድ ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ፣ በሁለተኛው 23.9 ጊዜ ተነሥቷል።

ወዳጁ ቁጥሮቹን በጣቱ ካሰላ በኋላ «እንክብካቤ ያገኘውም ሰው ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ያመዋል ማለት እኮ ነው» አለ። ልክ ነበር፤ ጉባኤ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። የሁለት አሥረኛ ያህል ቅነሳ በቤት ውስጥ ሊሠራ ለሚችል ርካሽ እንክብካቤ ትልቅ ውጤት ቢሆንም፣ የቀረው ስምንት አሥረኛ ለምን እንደቀረ፣ ሳሙናው ነው የጎደለው ወይስ ውኃው ወይስ የሚሄዱበት እርሻ የሚከለክለው፣ የሚመረመርበት መድረክ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ጥያቄ አዲስ አበባ ባለ አዳራሽ ውስጥ መወያየት ይቻላል፤ በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የፖዶኮኒዮሲስ ጉባኤም እዚያው ነበር። ነገር ግን ለሙከራው እግራቸውን የሰጡት ሰዎች የሚኖሩት አነደድ ነው፣ ውጤቱንም በራሳቸው ቋንቋ የመስማት መብት አላቸው። ስለዚህ የደብረ ማርቆሱ ጉባኤ አንድ ግማሽ ቀን በአማርኛ ብቻ የሚካሄድ፣ የሙከራው ተሳታፊዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተቀምጠው የሚጠይቁበት ክፍለ ጊዜ ሊኖረው ይገባል፤ አቅራቢው ተመራማሪ በዚያ መድረክ ከሚገጥመው ተቃውሞ የሚማረው ለመጽሔት ገምጋሚ መልስ ሲጽፍ ከሚማረው አያንስም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመና ከደቡብ ኢትዮጵያ በተሰበሰበ ናሙና ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት ከሚመሩት ዘረ መሎች መካከል አንዳንዶቹ ለበሽታው ተጋላጭነትን እንደሚጨምሩ አሳይቷል። ወዳጁ «ይህንን እዚያ የሚናገር ሰው ትዳር ያፈርሳል!» አለ፣ ምክንያቱም በሽታው በዘር ይተላለፋል የሚለው እምነት የሕሙማን ልጆች እንዳይጋቡ ከሚያደርጉት ዋና መሰናክሎች አንዱ ነው። ጸሐፊው መደበቅን አልመረጠም። ተጋላጭነት ያለው ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ አፈሩ ስለማያገኘው ሊድን ይችላል፤ ይህም በአንድ ትንፋሽ አብሮ ካልተነገረ ግማሹ እውነት ከሐሰት የባሰ ጉዳት ያደርሳል። በዚህ ምክንያት የጥናት ማጠቃለያዎችን የሚገመግመው ኮሚቴ፣ የጽሑፉን ሳይንሳዊ ጥራት ብቻ ሳይሆን በአደባባይ ሲነገር የሚያደርሰውን ጉዳትም የሚመዝን አባል እንዲኖረው ያስፈልጋል።

የቆዳ ሐኪሞች ጉባኤ ከጥንት ጀምሮ የሚቸገርበት ሌላም ነገር አለ፦ ሕመሙ የሚታይ በመሆኑ፣ ሕሙማኑን ራሳቸውን መድረክ ላይ አቁሞ ማሳየት የዘርፉ ልማድ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1889 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቆዳ ሕክምና ጉባኤ በፓሪስ ሲካሄድ፣ የሴንት ሉዊ ሆስፒታል ከታካሚ አካል ቀርጾ በሰም ያዘጋጃቸው ቅርጾች ለጎብኝዎች ታይተዋል፤ ሰም ደግሞ አያፍርም። ጎጃም ውስጥ እግሩን ለመሸፈን ሲል ገበያ መሄድ የሚተው ሰው ባለበት አዳራሽ፣ ፈቃድ የተሰጠበትና ፊት የማይታይበት ፎቶግራፍ ሕመምተኛውን መድረክ ላይ ከማቆም የተሻለ ሥራ ይሠራል።

ጊዜውን በተመለከተ ክርክሩ አጭር አልነበረም። ክረምቱ ለመንገድ አይሆንም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ የጤፍ አጨዳና ውቂያ ናቸው፤ ሚያዝያ 30 የማርቆስ በዓል ስለሆነ ከተማዋ እንግዳ የምታስተናግድበት አልጋ አይተርፋትም፤ ግንቦት ደግሞ ለተማሪው የፈተና፣ ለገበሬው የእርሻ ወር ነው። የሚቀረው ከጥምቀት በኋላ ያለው የጥር መጨረሻ ነው፤ ዓቢይ ጾም ከየካቲት 1 በፊት ፈጽሞ አይገባም፣ የነነዌ ጾም ግን ከጥር 17 ጀምሮ ሊመጣ ስለሚችል ዓመቱን አይቶ መወሰን ያሻል። በዚያ ላይ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ የመጨረሻ እሑድ፣ ማለትም በዚሁ በጥር ወር ውስጥ፣ የዓለም የሥጋ ደዌ ቀን ይከበራል። ወዳጁ «ጥር የሠርግ ወር መሆኑን ረሳህ? ግማሹ ተናጋሪ ሠርግ ላይ ይቀራል» ሲል ጸሐፊው ሳቀ፤ ይህ ችግር መፍትሔ እንደሌለውም አመነ። መንገዱን በተመለከተ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ማንኛውንም ዕቅድ በአንድ ሌሊት ሊያፈርሰው ስለሚችል፣ ተናጋሪዎቹ ሳይመጡ በቪዲዮ የሚያቀርቡበት ሁለተኛ ሥርዓት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዘጋጀት እንዳለበት ሁለቱም ተስማሙ።

የመጨረሻው ጥያቄ የገንዘብ ነበር። ወዳጁ ስብሰባ በዚህ አገር የሚሞላው በውሎ አበል መሆኑን፣ አበል የሌለበት ጉባኤ ላይም ባለሙያ የሚገኘው ፈቃዱን ለማሳደስ የሚጠየቀውን ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ለማግኘት ብቻ መሆኑን በምሬት ተናገረ። ጸሐፊው ነገሩን አልካደም፤ ነጥቡ መሰጠቱም ተገቢ ነው አለ። ሆኖም በጀቱ ሲጻፍ ባነር፣ ቦርሳና የአንገት ባጅ ከመስፈራቸው በፊት ከአነደድ የሚመጡት ሕሙማን የመኪና ኪራይና የምሳ ወጪ መጀመሪያ መስፈር እንዳለበት ጸና። ወዳጁ «እና የክብር እንግዳው ንግግር?» አለ። «አምስት ደቂቃ።»