ከወዳደቀ ዕቃ ቀፎ እንሥራ፤ ግን ዕቃው ምን ነበረበት?



እንደሚታወቀው ከ114ቱ የቁርኣን ምዕራፎች 16ኛው በንብ ስም «አን-ነሕል» ተብሎ ተሰይሟል። በዚሁ ሱራ 68ኛና 69ኛ አንቀጾች ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ንብን በተራራ፣ በዛፍና ሰዎች በሚሠሩት ውስጥ ቤት እንድትይዝ እንዳሳወቃት፣ ከሆዷም ለሰዎች ፈውስ ያለበት መጠጥ እንደሚወጣ ተገልጿል። ተራራውና ዛፉ ያለ እኛ ድካም የተገኙ ናቸው። ሦስተኛው ቤት ግን በእጃችን የሚሠራ ነው። በዚህ ወር የምናወሳው ስለዚህ ቤት ነው።

አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ይሁን እንጂ አብዛኛው ማር የሚቆረጠው ዛፍ ላይ ከሚሰቀለው ባህላዊ ቀፎ ነው። በዚያ ቀፎ እንጀራው ከግድግዳው ጋር ስለሚጣበቅ ማሩ ሲቆረጥ ከእጩና ከሰም ጋር ይደባለቃል። እንዲህ ያለው ድፍድፍ ማር በርካሽ ይሸጥና ትልቁ ድርሻ ወደ ጠጅ ቤት ይሄዳል። ንጹሕ የገበታ ማር ለማምረት መጣር ለሙስሊም ቤተሰብ የገቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም የምንለውም ለዚህ ነው።

«ታዲያ ዘመናዊ ቀፎ በምን ገንዘብ እንግዛ?» የሚሉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። እውነት ነው፤ ባለ ሳጥኑ ቀፎ ከነማተሚያውና ከነማጣሪያው ውድ ነው። በብድር ልግዛው ያለ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወለድ ይገጥመዋል። ሐላል ሲሳይ ፍለጋ ተነስቶ በሪባ መጀመር መንገዱን ገና ከመነሻው ማበላሸት ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጫማቸውን በእጃቸው ይጠግኑ፣ ልብሳቸውን ይጠቅሙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። እኛም በየጓሮው የወደቀውን እንጨትና ጣሳ አንስተን መጀመር አያሳፍረንም።

መካከለኛው መንገድ የሽግግር ቀፎ የሚባለው ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በኬንያ ተሞክሮ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተስፋፍቷል። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ የሆነ ገበታ መሰል ሳጥን ነው። በአፉ ላይ ርብራብ እንጨቶች ይደረደራሉ፤ ንቦቹም እንጀራቸውን በየርብራቡ ላይ አንጠልጥለው ይሠራሉ። ግድግዳው ያዘነበለ በመሆኑ እንጀራው እምብዛም አይጣበቅም። ስለዚህ አንዱን ርብራብ ብቻ አንስቶ ማሩን መቁረጥ ይቻላል። ደግሞም በወገብ ከፍታ ስለሚቀመጥ ዛፍ መውጣት ቀርቶ እናቶችና እህቶች ሊሠሩበት የሚችሉ ነው።

አካሉን ከፈራረሰ ሳጥን፣ ከተራረፈ ጣውላ ወይም ከዕቃ መጫኛ ርብራብ (ፓሌት) መሥራት ይቻላል። ጣውላ የሌለው በጨፈቃ ጠርቦ በጭቃና በእበት መምረግ ይችላል። ውስጡ ከላይ 44፣ ከታች 20፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። አካሉ ጠማማ ቢሆን ንቦቹ ይታገሱታል። ርብራቡ ላይ ግን ቸልታ አይቻልም። እያንዳንዱ ርዝመቱ 48፣ ስፋቱ ልክ 3.2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ይህ የአገራችን ንብ በተፈጥሮዋ በእንጀራና በእንጀራ መካከል የምትጠብቀው ልክ ነው። ስፋቱ ከተዛባ አንዱ እንጀራ በሁለት ርብራብ ላይ ይሠራና ልፋታችን ወደ ባህላዊው ቀፎ ይመለሳል። በዚህ ልክ 28 ርብራቦች ቀፎውን ይሞሉታል። በየርብራቡ ሆድ መሐል ለመሐል ቀጭን የሰም መስመር መቀባት ለንቦቹ መነሻ ይሆናቸዋል። ክዳኑ አሮጌ ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል፤ ፀሐይ እንዳያግለው ግን ከሥሩ ደረቅ ሣር ይነጠፍ።

ለጭስ ማጨሻ የዱቄት ወተት ጣሳ ይበቃል። ከወለሉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተበሳሳ ቆርቆሮ ይቀመጥበታል፤ ክዳኑ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ሾጠጥ ይላል። ወናፉን ከሁለት ቁራጭ ጣውላና ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪያ መሥራት ይቻላል። ማገዶው ኩበት፣ ደረቅ ሣር ወይም የቃጫ ጆንያ ነው። የፕላስቲክ ማዳበሪያ ከረጢት ፈጽሞ አይጨስም። ለፊት መከላከያ በሰፊ ባርኔጣ ዙሪያ የመስኮት ወንፊት ይሰፋል። ጥቁር ልብስ ንብን ስለሚያስቆጣ እህቶች ከባርኔጣው ሥር ነጣ ያለ ሂጃብ ቢያደርጉ ይሻላል።

አሁን ወደ ርዕሳችን ጥያቄ እንመለስ። የተጣለ ዕቃ ሁሉ አይነሳም። ስናነሳው «ምን ነበረበት?» ብለን መጠየቅ ግድ ነው። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ቢታጠብም ለቀፎም ለማርም አይሆንም። ፓሌት ላይ ከተመቱት የላቲን ፊደላት መካከል «ኤች ቲ» የሚለው በሙቀት መታከሙን፣ «ኤም ቢ» የሚለው ግን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ መታጠኑን ያመለክታል፤ ሁለተኛውን እንተወው። የወባ መከላከያ አጎበርም ቀለል ያለ መረብ መስሎ ያታልላል። ነገር ግን የተነከረበት መድኃኒት ንብንም ይገድላል፤ ቦታውም የልጆቻችን መኝታ ነው። ማር አሲድነት ስላለው የዛገ ወይም በዚንክ የተለበጠ ባልዲ ውስጥ አይቀመጥ። የምግብ ዘይት ወይም ሌላ ምግብ የነበረበት ንጹሕ ፕላስቲክ ባልዲ ግን በሙቅ ውኃና በሳሙና ታጥቦ ቢደርቅ ያገለግላል። የሞተር ዘይት ጣሳ ቦታ የሚያገኘው አንድ ጋ ብቻ ነው፤ ጉንዳን እንዳይወጣ በቀፎው እግሮች ሥር።

ይህን ሁሉ የምንለው ገዢ ማሩን ቀምሶ ይህን ሊያውቅ ስለማይችል ነው። ስኳር የተቀላቀለበትን ማር የሚሸጥና የመርዝ ጀሪካን ውስጥ ያጠራቀመውን የሚሸጥ ሁለቱም አማና በልተዋል። ማሩን የሚገዛው ሰው ምናልባት ለታመመ ልጁ ፈውስ ፈልጎ ሊሆን ይችላል።

ጥንቃቄንም አንርሳ። የአገራችን ንብ ቁጡ ናት። ቀፎው ከመኖሪያ ቤት፣ ከመተላለፊያና ከከብት መታሰሪያ ይራቅ፤ ሥራውም ሲመሻሽ ይሁን። የተነደፈ ሰው ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ቀፎውን ከክረምቱ መውጫ በፊት ማዘጋጀት መልካም ነው፤ አደይ ሲፈነዳ ንቦች ቤት ይፈልጋሉና። ማር ሲቆረጥ በሰም የተከደነው ብቻ ይወሰድ፤ ለባለቤቶቹም ስንቅ ይተውላቸው።

ምርቱ ሲበረክት የዘካው ጉዳይ ይነሳል። ሐነፊዮችና ሐንበሊዮች ማር ላይ ዘካ አለ ሲሉ ሻፊዒዮችና ማሊኪዮች የለም ይላሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የአካባቢውን ዓሊም ይጠይቅ።

ወጣቶች ሆይ! መዶሻና መጋዝ ያላችሁ ጎረቤቶች ተሰባስባችሁ አንድ ቀፎ በጋራ ብትጀምሩ ወለድ ሳትነኩ የሥራ በር ትከፍታላችሁ። አላህ (ሱ.ወ.) እጃችንን በሐላል ያበርታ፤ ሪዝቃችንንም ይባርክልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።