በዝንብ እግር ላይ የበቀለው ዓይን



የበሰለ ሙዝ ባለበት የማትጠፋውን ትንሿን ዝንብ ሁላችንም እናውቃታለን። ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ1995 (እ.ኤ.አ.) በስዊዘርላንድ፣ ባዝል ዩኒቨርሲቲ፣ ፕሮፌሰር ዋልተር ጌሪንግና ባልደረቦቻቸው በዚህች ዝንብ እግርና ክንፍ ላይ ዓይን እንዲበቅል አደረጉ። ይህን የሰማ ወጣት «ታዲያ ሰውም ፈጠረ ማለት ነዋ!» ቢል አይገርምም። መልሱ ያለው ከሥራው ላይ ነው።

የዝንቧ የእግር ሴልም ሆነ የዓይን ሴል የሚይዙት ዘረ መል አንድ ዓይነት ነው። («ጂን» የሚሉትም አሉ፤ ከጂኒዎቹ ጋር እንዳይምታታ ዘረ መል እንበለው።) ልዩነቱ የትኛው በየትኛው ቦታ ይሠራል የሚለው ነው። አንዱ ሲነቃ ፕሮቲን ይሠራል፤ ያ ፕሮቲን ሌሎችን ይቀሰቅሳል፤ እነዚያም በተራቸው ሌሎችን። «ዓይን አልባ» የተባለው ዘረ መል የዓይንን ሥራ ከሚያስጀምሩት አንዱ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ሲበላሽ የዝንቧ ዓይን ስለሚያንስ ወይም ስለሚጠፋ ነው። ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ይህንኑ እግር በሚሆነው ስፍራ ማንቃት ነበር።

ይበልጥ የሚደንቀው፣ የአይጥን ተመሳሳይ ዘረ መል ሲያስገቡም የበቀለው የአይጥ ሳይሆን የዝንብ ዓይን መሆኑ ነው። ትእዛዙ «ዓይን ይሠራ» ይላል እንጂ አሠራሩ ያለው በዝንቧ ሴሎች ውስጥ ነው። ከአጎራባች ሴሎች ተገቢው መልእክት በማይደርስበት ቦታ ደግሞ ትእዛዙ ብቻውን ዓይን አያወጣም።

እንግዲህ ሰው ምን አደረገ? ተዘርግቶ የጠበቀውን መብራት ማብሪያውን ተጫነ እንጂ አምፖሉንም ሽቦውንም አልሠራም። ከአላህ ሌላ የሚመለኩት ሁሉ ዝንብን እንኳ መፍጠር እንደማይችሉ የሚያስረዳውን የሱረቱል ሐጅ 73ኛ አንቀጽ ያስተዋለ ሰው በዚህ ዜና ኢማኑ አይናወጥም።

ነገሩ እቤታችንም ይገባል። አቻው ዘረ መል በሰውም ውስጥ አለ። ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ሲጎድል ሕፃኑ የዓይኑ ባለ ቀለም ክፍል ሳይሟላ ሊወለድ ይችላል። ጉድለቱ ከእናት ወይም ከአባት ይወረሳል፤ ሁለቱም ጤነኞች ሆነው ሳለም እንዲሁ ይከሰታል። ስለዚህ እናትን «ምን አድርገሽ ነው?» ብሎ መውቀስ በደል ነው። የሚሻለው፣ ውሎ አድሮ የዓይን ግፊት ሊከተል ስለሚችል፣ ሕፃኑን ሳይዘገዩ ለዓይን ሐኪም አሳይቶ ክትትሉን አለማቋረጥ ነው።

ወጣቶች ሆይ! ዕውቀትን አትሽሹ፤ ስትማሩ ግን ያገኘውን ከፈጠረው ለዩ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይለግሰን። አሚን!